ስለ ባሕር ዳር ካቶሊኮችና ስለ ገና የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ባሕር ዳር ውስጥ "ካቶሊክ ነኝ" ያለ ሰው ቀጥሎ የሚመጣበትን ጥያቄ ያውቀዋል። "ገናን የምታከብሩት የፈረንጆቹን ነው አይደል?" "እናንተም ቅዳሴ አላችሁ እንዴ?" "ከጴንጤ በምን ትለያላችሁ?" ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ ከመላው የአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ብዙ የባሕር ዳር ሰው ካቶሊክ ጎረቤት ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ መጠየቁ ደግ ነው፤ ሳይጠይቁ ከመደምደም በብዙ ይሻላል።

ታኅሣሥ ሲገባ ደጋግመው የሚነሱትን አንድ በአንድ ልመልስ። ግማሾቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ግማሾቹ ግን እኛው ራሳችን፣ ቁምስናችን (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) ውስጥ፣ ስለ ወጣቶቻችን አምነን የተቀመጥናቸው ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው።

"ካቶሊኮች ገናን የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ነው"

አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ካቶሊኮች ገናን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 29 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ ደግሞ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ እኛም 28 እናከብራለን። ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ጊዮርጊስ ሲሄድ እኛም በዚያው ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እንሄዳለን። በማግስቱም የሁላችንም ቤት ዶሮ ወጥ ይሸታል።

ልዩነቱ የመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 የአውሮፓን የቀን መቁጠሪያ ሲያስተካክሉ አሥር ቀን ዘለሉ። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የመጨመር አሮጌውን ሥርዓት ይዞ ስለቀጠለ ክፍተቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ያን የቀን መቁጠሪያ ያወጣው ሮም ነው፤ ኢትዮጵያዊው ካቶሊክ ግን በአገሩ አቆጣጠር በዓሉን ማክበሩን ያው ሮም ተቀብሎታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

"የፈረንጅ ሃይማኖት ነው፤ ጣና ዳር ሥር የለውም"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ በአንድ "አይደለም" አይዘጋም። ሰዎች ይህን ሲሉ ከኋላው እውነተኛ ታሪክ አለ።

ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (የጀስዊት ማኅበር ካህን) አባ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ግዕዝና አማርኛ ተማሩ። በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አይተው ጻፉ። በ1622 ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ ላይ አረፉ። እሳቸው ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ካሳወቁ በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። የአገሩን ሥርዓተ አምልኮ በላቲን ለመተካት ሞከሩ፤ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና አስጠመቁ፤ ካህናቱንም እንደገና ይሾሙ ጀመር። አገር ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን መለሱለት፤ መንበሩም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተላለፈ። ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ጎርጎራ የሚሄድ ሰው የዚያን ዘመን የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ያያል።

ያ ስሕተት ነበር። ካቶሊክ ሆነን ይህን ለመናገር ማፈር የለብንም። ልጆቻችንም ከጎረቤት ክስ ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ታሪኩ ግን 1632 ላይ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1839 የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ የሜንዴዝን መንገድ ትተው የግዕዙን ሥርዓት ያዙ፣ እንደ አገሬው መነኩሴ ለብሰው ኖሩ። ከተከተሏቸው ሰዎች አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ጎጃሜ ናቸው፤ የተማሩ የኦርቶዶክስ መነኩሴ ነበሩ። በ1841 ጳጳስ ለመለመን ወደ ግብፅ ከሄደው መልእክት ጋር ተጉዘው ነበር። በኋላ ካቶሊክ ሆኑ፤ በእምነታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 በሰንሰለት ላይ እያሉ ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። "ሥር መሠረታችሁ የት ነው?" ለሚለን ሰው መልሱ ጎጃም ውስጥ አለ ማለት ነው።

የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ ገና ወጣት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2015 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት። የመጀመሪያው ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ሥርዓቱ ግዕዝ ነው። የገና ዋዜማ የሚመጣ እንግዳ ዕጣን፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና "እግዚኦ ተሣሃለነ" ያገኛል። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶችም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ።

"እንግዲያው ከጴንጤ አይለዩም" ወይም "እንግዲያው ኦርቶዶክስ ናቸው"

ሁለቱም አይደሉም። ሰባቱን ምስጢራት እንቀበላለን፣ እመቤታችንን እናከብራለን፣ ቅዱሳን ይጸልዩልን ዘንድ እንለምናለን፣ ዐቢይ ጾምን እንጾማለን። ይህ ከኦርቶዶክሱ ወንድማችን ጋር በጣም ያቀራርበናል። ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ያለው መለያየት አልተዘጋም። የሮማን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥልጣን እኛ እንቀበላለን፤ እነሱ አይቀበሉም። ቁርባንም አብረን አንቆርብም። ልዩነቱን ሳይደብቁ በበዓል አብሮ ቡና መጠጣት ይቻላል። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ነው የሚኖረው።

"ሰው የሚሰበስቡት በእርዳታ ነው"

ገና ሲደርስ ለችግረኛ ዱቄትና ዘይት ስናካፍል ይህ ወሬ ይነሣል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ስብከተ ወንጌል ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሰነድ ሰውን ወደ እምነት ማስገደድም ሆነ አላግባብ ማባበል በጥብቅ ተከልክሏል። እንዲያውም ሰው ካቶሊክ ልሁን ብሎ ሲመጣ ምክንያቱ እንዲመረመር ያዛል። ስለዚህ ዱቄት ሲሰጥ ሃይማኖት የሚጠይቅ ሰው ቁምስና ውስጥ ካለ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሕግ እየጣሰ ነው፤ ሊነገረውም ይገባል። ለወጣቶቻችንም አደራ የምለው ይኼንኑ ነው። የምትጎበኙት ሰው ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ኦርቶዶክስ ሊሆን ይችላል። ሰላም በሉት፣ የያዛችሁትን ስጡት፣ ፎቶ አታንሡት።

"የገና ዛፍ የካቶሊክ ነው"

ዛፉ ቀድሞ የተስፋፋው በጀርመን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ነው። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የገና ዛፍ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል። የእኛ ልማድ ግርግሙ ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የጣልያን መንደር በሬና አህያ አቁሞ የጌታን ልደት ለገበሬው አሳየ፤ ልማዱ ከዚያ ተስፋፋ። ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ ዛፍ ከመግዛት ልጆቹ በጣና ደንገልና በጭቃ ግርግም ቢሠሩ ደስ ይለኛል። ደንገሉ በእጃችን አለ፣ በሬና አህያም ቢሆን የማያውቅ ልጅ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ።

"ከደቡብ የመጡት ተማሪዎች ቅዳሴያችንን አይወዱትም"

ይህን ከቁምስናችን ሰዎች እሰማለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። በእኛ አካባቢ ካለው ካቶሊክ ወጣት ብዙው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ምደባ አምጥቶት ነው ባሕር ዳር የገባው። ከሆሳዕና፣ ከሶዶ፣ ከሐዋሳ፣ ከመቂ የመጣው ልጅ ያደገው በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮም ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ሥርዓት ነው። ቅዳሴውን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው የሚያውቀው። ከአዲግራትና ከእምድብር የመጣው ደግሞ በግዕዝ ሥርዓት አድጓል፤ እሱ ብዙ አይቸገርም።

ላቲኑ ልጅ ፍሬሽ ሆኖ የመጀመሪያውን እሑድ ሲመጣ ምን ያጋጥመዋል? መቼ እንደሚቆም አያውቅም። ተሰጥዎውን አያውቅም። ቅዳሴው ከለመደው ይረዝማል። ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም በቃሉ ይመልሳል፤ እሱ ብቻ ዝም ብሏል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ራሱን እንግዳ ሆኖ ያገኘዋል። ሦስተኛው እሑድ ላይ ቢቀር እምነቱ ደክሞ ነው ወይ? አይመስለኝም። ማንም አጠገቡ ስላልቆመ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ተሰጥዎው በግዕዝና በአማርኛ ተጽፎ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በር ላይ ይሰጠው። ከአዲግራት የመጣው ተማሪ ከሶዶ ከመጣው ጎን ይቁም። ከኅዳር ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ቢለማመዱ ለገና ሌሊት ላቲኑም ልጅ ተሰጥዎውን አብሮ መመለስ ይችላል። በገና ቀን ደግሞ ከሆሳዕና የመጣው ልጅ በራሱ ቋንቋ አንድ መዝሙር ያሰማን። ሁለቱም ሥርዓቶች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሀብት ናቸው። አንዱ ሌላውን እንዲጥል የሚጠይቅ የለም።

"ኪቦርድና ስፒከር ከሌለ ወጣት አይመጣም"

ስፒከሩን አልቃወምም። ግን ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ሲያልቅ አይቻለሁ። ከበሮ መምታት የተማረ፣ ዜማውን በአባ ወይም በአንድ አዋቂ እግር ሥር የለመደ ልጅ የሚሠራው ነገር ስላለው ተመልሶ ይመጣል። ወጣቱ የሚቀረው ቦታ ሲያጣ ነው፤ በመሣሪያ እጥረት የቀረ አላየሁም።

"ወጣቶች ማለት መዘምራን ማለት ነው"

ዝማሬ የማይችል ልጅስ? ሒሳብ የሚችል አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚጠግን አለ፣ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር የምትችል አለች። ገና ሲደርስ ግን "ወጣቶች ዝግጅት አቅርቡ" እንላለን፤ ድራማና መዝሙር ያቀርባሉ፣ እናጨበጭባለን፣ እስከ ፋሲካ አናናግራቸውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ የወጣቶች ሲኖዶስ በኋላ፣ በ2019፣ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ወጣቶች ራሳቸው የወጣቶች አገልግሎት ባለቤቶች መሆናቸውን አስረድተዋል። ይህ በእኛ አገር ሲተረጎም እንዲህ ይመስለኛል። የቁምስና ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ወንበር ይኑራቸው፣ ድምፅም ይኑራቸው። የገናውን በጀት ራሳቸው ይያዙ፣ ራሳቸው ሒሳብ ያቅርቡ። ከተሳሳቱም ያርሙ።

"ሌሊት ካልመጡ ግድ የላቸውም"

ፔዳ ወይም ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ላለ ተማሪ ሌሊት ከዶርም መውጣት ቀላል አይደለም። ዘንዘልማ ግቢ ያለው ደግሞ ከከተማ ውጭ ነው። ባጃጅ በሌሊት አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ከተማሪ ኪስ በላይ ነው። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሰዓት ገደብም ነበረ፣ ኢንተርኔትም ተቋርጧል። ወላጅ ከሩቅ ሆኖ "ልጄ፣ አትውጪ" ሲል ልክ ነው። ማታ መምጣት ለማይችሉት በገና ዕለት ጠዋት አብረው የሚጸልዩበት ጊዜ ይመደብላቸው፤ ይህን እንደ ቸልታ አንቁጠረው። ለምሳ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ሁለት ተማሪ ይውሰድ። ገና ቀን ካፌ ውስጥ መብላት ለሩቅ አገር ልጅ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ከተገኘ ገና ይጫወቱ፤ "በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ" ይባል የለ? ቆሞሱም (የቁምስናው ካህን) ዱላ ቢይዙ ክብራቸው አይቀንስም።

"ገና አልፏል፤ አሁን ዕረፍት ነው"

በእኛ ሥርዓት ገና የሚያልቀው በአንድ ቀን አይደለም። ጥር 6 ግዝረት አለ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። ተማሪው ግን በዚህ ጊዜ ፋይናል ውስጥ ይገባል፤ ቁምስናውም ከበዓል ድካም ያርፋል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ልጁ ከእጃችን ይወጣል፣ በሁለተኛው መንፈቅም ስሙን እንረሳዋለን። ስለዚህ በዓሉ ከማለፉ በፊት ስልካቸው ይመዝገብ። ከወጣቶቹ አንድ ሰው በየግቢው ኃላፊ ይሁን። በፈተናው ሳምንት ስብሰባ አንጥራቸው፤ የቁምስናውን አዳራሽ ለጥናት እንክፈትላቸው፣ ማታ ላይ ሻይና ዳቦ ይኑር፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪም ይኑር። ቀጣዩ የወጣቶች ስብሰባ ደግሞ ፈተና ካለቀ በኋላ ባለው እሑድ ይሁን፤ ቀኑንም ከአሁኑ ራሳቸው ይቁረጡ።