ሞተር ሳይክል ላይ ፍሬን ይዘው ማርሽ ሲቀንሱ ቤንዚን መስጠት ምንድን ነው?

«ፍሬን ይዞ ቤንዚን መስጠት እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ለድምፅ ካልሆነ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው የዘነጋው ነገር አለ። በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑ ተይዟል፤ ሞተሩና የኋላ ጎማው ተለያይተዋል። የሚሰጠው ቤንዚን ሞተር ሳይክሉን አንዲት ስንዝር አይገፋም።

ሥራው ዙር ማስተካከል ነው። በአራተኛ ማርሽ በደቂቃ 5000 ዙር ላይ የነበረ ሞተር በዚያው ፍጥነት ሦስተኛ ሲገባ፣ እንደ ካምቢዮው ቢለያይም፣ ከ6000 በላይ መዞር አለበት። ፍሪሲዮን ተይዞ ቤንዚን ሲዘጋ ግን ዙሩ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጥ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ ያን ሁሉ ልዩነት የሚሞላው የኋላ ጎማው ነው፤ ያውም የፊት ፍሬን ክብደቱን ወደ ፊት ወስዶበት መሬት በቅጡ ባልቆነጠጠበት ሰዓት። ጎማው ይነጥራል፣ ይንሸራተታል። ሞተር ሳይክሉ ዘመም ብሎ ከሆነ ኋላው ይከዳል።

በሚሄድ ሚኒባስ ላይ የሚሳፈር ሰው ሮጦ እኩል ከደረሰ በኋላ ነው በሩን የሚይዘው። ቆሞ የያዘ ይጎተታል። ቤንዚን ሳይሰጡ ፍሪሲዮንን ቀስ ብሎ መልቀቅ እየተጎተቱ መሳፈር ነው፤ ያደርሳል፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ግን ይበላል። አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው ስሊፐር ፍሪሲዮን ደግሞ ከጎማው የሚመጣው መንጨቅ ሲበዛ ጨበጣውን የሚያላላ እጅ ነው። መንጨቁን ይቀንሳል እንጂ ያለ ልክ ከተቀነሰ ማርሽ ሞተሩን አያድንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ገና ቀጥ ብለው ሳሉ የፊት ፍሬኑን በሁለት ጣት እያጠበቁ ይያዙ። ፍሪሲዮኑን እስኪለያይ ብቻ ሳብ፣ አንድ ማርሽ ቀነስ፣ በመዳፍና በአውራ ጣት ቤንዚኑን ለአፍታ ከፈት፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ። የፍሬን ጣቶች ግፊታቸው መለወጥ የለበትም፤ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። አንድ በአንድ ይቀንሱ፤ ከመታጠፍዎ በፊት ይጨርሱ።

«በማርሽ አቆማለሁ» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ከባድ ማርሽ ፍሬኑ እንዳይግል ይረዳል፤ ኩርባ ሲደርስ ግን የሚያቆመው ፍሬን ነው፣ ማርሹ ለመውጫ ይዘጋጃል።

ፍሪሲዮኑ በሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ በሚሠራ ሞተር ሳይክል ላይ የመኪና ሞተር ዘይት አይጨምሩ፤ ሸራው ሊንሸራተት ይችላል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» (JASO MA) የሚል ይፈልጉ፤ ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ምልክት ነው። የፍሪሲዮን ኬብሉም እጀታው ጫፍ ላይ፣ በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች፣ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት፤ ከጠበቀ ሸራው ሙሉ አይይዝም፣ ከላላ ሙሉ አይለይም።