ስለ ታራሚዎች ትምህርት የሚወራውና እውነታው

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ስለ ማረሚያ ቤት የማይወራ ነገር የለም። ማን ገባ፣ ማን ተፈታ፣ ጥየቃው እንዴት ነው። ስለ ትምህርቱ ሲነሳ ግን ወሬው ይዛባል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«እዚያ የሚማሩት ሀ ሁ ነው»

ሀ ሁ አለ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያልረገጠ ጎልማሳ ከዚያ ይጀምራል፣ ማፈሪያም አይደለም። ግን እዚያ አያበቃም። መደበኛው ትምህርት በየክፍሉ ይቀጥላል፤ 12ኛ ደርሶ ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ታራሚ አለ። ጎን ለጎን እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ሽመና፣ ልብስ ስፌት የሚሠለጥንም አለ።

«ወረቀቱ ዋጋ የለውም»

የ12ኛ ክፍልን ፈተና አዘጋጅቶ ውጤት የሚሰጠው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው እንጂ ማረሚያ ቤቱ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ በማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብም በ104ኛው ቁጥሩ ይህንኑ ይላል፦ ትምህርቱ ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር ይያያዝ፣ ሰው ሲፈታ ሳይቸገር ካቆመበት እንዲቀጥል። አዎ፣ ወረቀቱ የወንጀል ሪከርድ አይሰርዝም። ቀጣሪ የአሻራ ማስረጃ አምጣ ሲል ሌላ ጣጣ ነው።

«የሚያስተምሩት ፖሊሶች ናቸው»

ይቺ ታስቀኛለች። ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ታራሚ የሆኑ አሉ። ውጭ ሳለ መምህር፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ የነበረ ሰው፣ ገብቶ ጠመኔ ይይዛል። ተማሪውም ሐሳቡ የሚገባው ሰው ያገኛል፤ ማታም እዚያው ስለሆነ ያልገባውን ይጠይቀዋል። ችግሩ አስተማሪው ከእስር ሲፈታ ነው። ሁሉም እንኳን ደስ አለህ ብሎ ይሸኘዋል፣ ክፍሉ ግን በዓመቱ መሀል ያለ ፊዚክስ አስተማሪ ይቀራል። በመፈታቱ ማን ያዝናል?

«ጊዜ እንደሆነ ሞልቷቸዋል፣ መማር አያቅታቸውም»

ጊዜ አለ፣ የተረጋጋ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ብዙው ሰው ፍርድ ያልተሰጠው፣ ቀጠሮ የሚመላለስ ነው። ፍርድ ቤት የዋለበት ቀን ትምህርቱ አለፈው። ከተፈረደበት በኋላ ደግሞ ወደ ዝዋይ ወይም ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ሊዛወር ይችላል። መዝገቡና የክፍል ውጤቱ አብሮት ካልሄደ እዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ከመጽሐፍ እጥረት ይልቅ ይሄኛው ነው ተማሪ የሚያስቀረው።

«የተማረ ቶሎ ይፈታል»

አንድ ክፍል ባለፈ ቁጥር ይህን ያህል ወር ይቀነስ የሚል ስሌት የለም። ያለው አመክሮ ነው፣ ቅጣቱ ሳያልቅ መፈታት ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ለጨረሰ ይፈቅዳል። ጠባዩ መታረሙም ይታያል። ደብተር ይዞ መዋል ለዚህ ሊረዳ ይችላል፣ ዋስትና ግን አይደለም።

«ለወንጀለኛ ይህ ሁሉ ለምን?»

ያው የወንጀል ሕግ በመግቢያው ታራሚ በእስር ከሚሰቃይ ቢማርና ሙያ ቢይዝ ሲወጣ ይጠቅመዋል ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አብዛኛው መውጫ ቀን አለው፣ ወጥቶም የሚኖረው እኛው ሰፈር ነው።

«ቤተሰብ ምንም ማድረግ አይችልም»

ይችላል። ትምህርቱን አቋርጦ የገባ ሰው ካቆመበት ለመቀጠል የድሮ ማስረጃው ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ወጥቶ ሊያመጣው አይችልም። ካርዱን ወይም ትራንስክሪፕቱን ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ አውጡለት። ዋናውን እቤት አስቀምጡ፣ ኮፒውን ይዛችሁ ሂዱ። መጽሐፍ ከሆነ በር ላይ መፈተሹ አይቀርምና ምን እንደሚገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምዝገባው ሳያልፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ጥቅምት ላይ የመጣ ካርድ ለሚቀጥለው መስከረም ነው የሚሆነው።