የኼርቴ ሸለቆ የቼሪ እርሻ

ኼርቴ በምዕራብ ስፔን፣ በኤክስትሬማዱራ ክልል የሚገኝ ሸለቆ ነው። ስሙን ያገኘው መሐል ለመሐል ወደ ፕላሴንሲያ ከተማ ከሚወርደው ወንዝ ነው። በሸለቆው ያሉት 11 መንደሮች ኑሯቸውም ስማቸውም ከቼሪ ጋር የተሳሰረ ነው።

ቼሪ ግን ሁልጊዜ የበላይ ሰብል አልነበረም። ቀድሞ ተዳፋቱን የሸፈነው የቼስትነት ዛፍ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ዛፉን ሲጨርሰው ገበሬው ፊቱን ወደ ቼሪ አዞረ። መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ ዛፎቹ በድንጋይ በተካቡ እርከኖች ላይ ይተከላሉ። በእነዚህ ጠባብ እርከኖች ላይ ማሽን እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ማሳው በአብዛኛው አነስተኛ፣ ባለቤቱም ቤተሰብ ነው፤ በለቀማ ወቅት አቅም ያለው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ይወጣል።

ለቀማው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይዘልቃል። ምክንያቱ የዝርያው ብዛት ብቻ ሳይሆን የከፍታው ልዩነትም ነው፤ ሙቀት ቀድሞ በሚያገኘው በሸለቆው ግርጌ ፍሬው ሲደርስ፣ ከ1,100 ሜትር በላይ ባለችው ፒዮርናል ገና ጥሬ ነው።

የአካባቢው ሰው ከሁሉ የሚኮራው በፒኮታ ነው። ይህ ቼሪ ሲለቀም ቀጭኑ አገዳ ዛፉ ላይ ቀርቶ ፍሬው ብቻውን ይወጣል። ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ሲነክሱት ይሰማል። ገበያ ላይ አገዳ የሌለው ቼሪ ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ የፒኮታ ግን ተፈጥሮው ነው። «የኼርቴ ቼሪ» የሚለው መጠሪያም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ከተወሰነለት አካባቢ ውጭ ያለ አምራች ሊጠቀምበት አይችልም።

መጋቢት ላይ ሸለቆው በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ጎብኚም ይጎርፋል። የአበባውን በዓል መክፈቻ መንደሮቹ በየዓመቱ በተራ ያስተናግዳሉ፤ ክብሩ ለአንድ መንደር ብቻ አለመሰጠቱ ተገቢ ነው። ያም ሆኖ አበባውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ዋናውን ነገር አላየም። ለገበሬው ወሳኙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፍሬው ሊበስል ሲል ዝናብ ከጣለ ውኃውን በልጣጩ ይመጥና ይሰነጠቃል፤ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ዝናብ ሊበላሽ ይችላል። የተሰነጠቀ ፍሬ ትኩስ ሆኖ ለገበያ አይቀርብም። ገበሬዎቹ የተደራጁበት ኅብረት ሥራ ማኅበር ፍሬውን ተቀብሎ ከመሸጥ በተጨማሪ ከቼሪ አረቄ ያወጣል።