«ነፃ ሕክምና» ምንድን ነው?

«ድሃ ከሆንክ ቀበሌ ሄደህ ደብዳቤ አጽፍ፤ ሆስፒታሉ በነፃ ያክምሃል። እምቢ ካሉህ ጉቦ ፈልገው ነው።» ይህ ምክር ሰሞኑን እንደገና ሲዞር ከርሟል። መካሪው ደግ ሰው ይመስላል። እሱን አምኖ ከዳባት ወይም ከጭልጋ በሽተኛ ይዞ ጎንደር የገባ ሰው ግን የሚቀረው ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይ ነው።

ጥፋቱ ያለው «ነፃ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ጓንቱም፣ ግሉኮሱም፣ ራጁም ዋጋ አለው፤ በሽተኛው ካልከፈለ ሌላ ከፍሎለታል። እንግዲህ የሚጠየቀው «ማን ይከፍልልኛል? እንደሚከፍልስ ለሆስፒታሉ አስታውቋል ወይ?» ተብሎ ነው።

ከፒያሳ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ፊት የተቀመጠ ዘመድዎ «የእሳቸውን እኔ እከፍላለሁ» ካለ ረዳቱ ሒሳብ አይጠይቅዎትም። ዘመድ ሳይኖር «እኔ እኮ የለኝም» ቢሉት ግን፣ ቢያዝንልዎትም ማታ ሒሳቡ ይጎድልበታል። የቀበሌዋ ደብዳቤ የምትናገረው ይህን ሁለተኛውን ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ትጀምራለች፤ ግለሰቡ አቅም እንደሌለው ትመሰክራለች፤ ማኅተም አላት። እከፍላለሁ የሚል ቃል ግን የለባትም። መካሪያችን ምስክርንና ከፋይን አንድ አድርጓቸዋል።

ከዚህ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትል፣ በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ለባለ ፎቁም ለላስቲክ ቤቱም እኩል። ለእነዚህ የድህነት ወረቀት መጠየቅም ማምጣትም አያስፈልግም። ያልታከመ ቲቢ ለጎረቤት ስለሚተርፍ መንግሥት ከፋይነቱን አስቀድሞ ወስዷል። (የቲቢው መድኃኒት ያለ ክፍያ ነው ማለት አብሮ የታዘዘው ራጅ ወይም ሌላ ምርመራም እንዲሁ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።)

ለሌላው በሽታ ሁሉ ዛሬ ዋናው የድሃ መንገድ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ፎገራም ነበረችበት። አቅም ያለው አባል የዓመት መዋጮውን ከኪሱ ያወጣል። «የድሃ ድሃ» ተብሎ የተመረጠውን ቤተሰብ መዋጮ ግን ክልሉና ወረዳው ወይም ከተማው ተካፍለው ይሸፍናሉ፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ እንደማንኛውም አባል ይታከማል። ታክሲው ውስጥ ፊት የተቀመጠው ዘመድ ይህ ነው።

ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ ዘመድ ያውቅዎታል፣ የከተማ አስተዳደር ግን አያውቅዎትም። ስለዚህ ስም የሚወጣው በቀበሌ ነው። ኮሚቴ ይመለምላል፣ ሕዝብ ይተችበታል፣ ከዚያ በላይ ያለው አካል ያጸድቀዋል። በጀቱ ደግሞ ለተወሰነ ቤተሰብ ብቻ ነው። ድሃ ሆኖ ከዝርዝሩ የቀረ ሰው አለ፤ ይህ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም፤ በኪራይ ከቤት ቤት የሚዞር ሰው መልማዮቹ ሳያውቁት ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ሳይታመሙ በፊት፣ በምዝገባው ወቅት፣ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ፣ ስም ከሌለም ዝርዝሩ ሳይጸድቅ ቅሬታ ማቅረብ ነው። ምዝገባው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ፣ ታክሲው ከሄደ በኋላ እንደሚሮጥ ተሳፋሪ ነው። የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችም «እኔ እዚያ አለሁ» ብለው መተኛት የለባቸውም፤ አንዱ መዝገብ ወደ ሌላው በራሱ አይሄድም።

የመድኑ መታወቂያ እጅ ከገባ በኋላም ዘመድ የከፈለው እስከ አንድ ፌርማታ ነው። መጀመሪያ የሚኬደው ከመድኑ ጋር ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚገባው ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጽፍ ነው፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። የደንቢያ መታወቂያ ያለውም ሪፈሩን ከደንቢያ ይዞ ይምጣ፤ ጎንደር ያለ ዘመድ ቤት ማረፍ መታወቂያውን የጎንደር አያደርገውም። የዓመቱ እድሳት ያልተመታበት መታወቂያ ደግሞ ያለፈ ቀን ቲኬት ነው። ሌላው፣ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ለብቻው ካልተመዘገበ በአባቱ መታወቂያ አይታከምም። ይህን ሰው የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አልጋ ከያዘ በኋላ ነው።

የማይሸፈንም አለ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር መታከም የሉበትም። የመኪና አደጋም የለበትም፤ እሱ የሚታየው በተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። የአስታማሚውን ምግብ፣ ማደሪያና ትራንስፖርትም ማንም አይከፍልም። ከገጠር የሚመጣውን ሰው ወደ ብድር የሚገፋው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሲመጡ ለእሱ የሚሆን ብር መያዝ ይበጃል።

ድንገተኛ ከሆነ ሪፈር አይጠበቅም፤ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠየቅ የመጀመሪያው እርዳታ መሰጠት አለበት። ይህ የሕይወት ማዳኑን ሰዓት ይመለከታል፤ ተኝተው ሲታከሙ የሚመጣውን ሒሳብ አይሰርዝም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ድሃ እዚያ ከደረሰ፣ ከገንዘብ ተቀባዩ ጋር መጨቃጨቁን ትቶ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ይጠይቅ። የቀበሌዋ ደብዳቤ ዋጋ የሚኖራት እዚህ ነው፤ ምስክር የሚፈልግ ሰው አለና። እሱም ቢሆን ሊሳካም ላይሳካም ይችላል።

መድኃኒቱ በግቢው ፋርማሲ ከሌለ ውጭ ሮጦ መግዛት ይቆይ። መጀመሪያ ፋርማሲው ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ማኅተም ያድርግበት፤ ቀጥሎ መድኑ ውል ያለው ሌላ መደብር እንዳለ ይጠየቅ። ከውጭ መግዛት ግድ ከሆነም ማዘዣውና ሕጋዊው ደረሰኝ አብረው ይቀመጡ፤ ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር ቢኖር እንኳ ያለ እነዚህ ሁለቱ አይታሰብም።