የበለዓም አህያና ክፉው ማን ነው?

ወገኖች፣ እንስሳ ያለበት ታሪክ ስናነብ ክፉውን ለመለየት ብዙም አንደክምም። ባለ ጥርሱን እንፈልጋለን። ተኩላው ክፉ፣ በጉ ደግ፤ አለቀ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቀንም። ጴጥሮስ ዲያብሎስን በሚያገሣ አንበሳ ይመስለዋል። በራእይ 5 ደግሞ ድል የነሣው የይሁዳ አንበሳ ጌታችን ነው። በኤደን ሔዋንን ያሳታት እባብ ነው፤ ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ አላቸው። ስለዚህ የእንስሳውን መልክ ትተን ማን ምን እንደ መረጠ፣ ማንስ ስለ ማን እንደ ተጎዳ እንይ።

ዘኍልቍ 22ን በዚህ ዓይን እናንብበው። የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን እንዲረግምለት በለዓም የተባለውን ባለ ራእይ አስጠራው። እግዚአብሔርም አትሂድ አለው። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ባላቅ ግን ከፊተኞቹ የከበሩ መልእክተኞችን ላከ፤ ትልቅ ክብርም ቃል ገባ። በለዓም በአፉ «ወርቅና ብር ቢሞላልኝም ከአምላኬ ቃል አልወጣም» የሚል ሰው ነው። ይህን ብሎ ግን እንግዶቹን አሳደራቸው፣ እንደገና ሊጠይቅ። መልሱን እያወቁ ደግሞ መጠየቅ! ይህቺን ጸሎት እኛም አሳምረን እናውቃታለን።

በመጨረሻ በለዓም በአህያው ተቀምጦ ከእንግዶቹ ጋር ሄደ። በመንገድ ላይ የእግዚአብሔር መልአክ ሰይፉን መዝዞ ቆመ። አህያይቱ አየችው፣ ባለ ራእዩ አላየውም። መጀመሪያ ወደ እርሻ ገባች። ቀጥሎ ከቅጥሩ ጋር ተጣብቃ እግሩን አጣበቀችው። በመጨረሻም መተላለፊያ ሲጠፋ ከበታቹ ተኛች። ሦስቱንም ጊዜ ደበደባት።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው አህያ መናገሯን ነው። እኔን የሚገርመኝ በለዓም አለመደንገጡ ነው። አህያ አፍ አውጥታ ስትናገር ቁጭ ብሎ ይከራከራታል! በእጁ ሰይፍ ቢኖር እንደሚገድላት ነገራት። ሰይፉ ግን ከፊቱ ነበር፣ ወደ እርሱ ዞሮ። እርሷም ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጌብህ አውቃለሁ ወይ አለችው። «የለም» አለ።

ላይ ላዩን ብናየው እምቢተኛዋ አህያ ጥፋተኛ፣ ተደናቅፎ የተናደደው ጌታዋ ተበዳይ ይመስላል። መልአኩ ግን ገለበጠው፤ እርሷ ባትርቅ ኖሮ አንተን ገድዬ እርሷን ባዳንሁ ነበር አለው። የተመታችው የመታትን ስታድን ነበር ማለት ነው። ክፋቱም ቀንድና ጥፍር አልነበረውም። በክብር ልብስ መጥቶ ክፍያ የያዘ እንግዳ ነበር። 2ኛ ጴጥሮስ 2 በለዓም የዓመፃን ደመወዝ ወደደ የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ በለዓም ዓይኑ ሲከፈት «በድያለሁ» አለ። ከዚያም እስራኤልን ባረከ እንጂ አልረገመም። ታሪኩን ለልጆች ስንነግር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ምዕራፍ 31 ግን አለ። እስራኤል ፌጎር በተባለው የሞዓብ ጣዖት እንዲበድሉ ያደረገው የእርሱ ምክር እንደ ነበር እዚያ ተጽፏል። ከምድያም ነገሥታት ጋርም በሰይፍ ተገደለ። መልአኩን ያየ ሰው፣ «በድያለሁ» ያለ ሰው። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ቁጭታ አንብቧቸው፤ መሃል ላይ አታቋርጡ።