ዓምድ ማስተካከል፦ ስለ «ኮለም» የሚባለው እና እውነታው

ተርሚናል ላይ የተዝረከረከ ዝርዝርን በዓምድ ለመደርደር ሊኑክስም ማክም ኮለም የሚባል ኮማንድ አላቸው። ኦፕሽኖቹን እዚህ የጻፍናቸው በሚጠሩበት ድምፅ ነው። ምሳሌያችን ሦስት መስመር ያለው እቃ.ሲኤስቪ ነው፦

ነጭ ጤፍ,50
ምስር,8
በርበሬ,120

«በታብ ከለየሁት ይሰለፋል»

ታብ ዓምድ የሚባል ነገር አያውቅም። በየ8 ቦታው ወዳለው ማቆሚያ ይዘልላል፣ በቃ። ባለ7 ፊደል ቃል ተከታዩን 9ኛው ቦታ ላይ ሲያስጀምር፣ ባለ8 ፊደሉ 17ኛው ላይ ይወረውረዋል።

«-ቲ ካልኩት ሌላውን ራሱ ያውቃል»

አያውቅም። በዓምድ የሚደረድረው ኦፕሽን -ቲ ብቻውን የሚቆርጠው ስፔስ ወይም ታብ ባገኘበት ነው፤ ስለዚህ «ነጭ» አንድ ዓምድ፣ «ጤፍ,50» ሌላ ዓምድ ይሆናሉ። መለያውን በ-ኤስ መንገር ያስፈልጋል፦

ኮለም -ቲ -ኤስ ',' እቃ.ሲኤስቪ

ረጅሙ «ነጭ ጤፍ» 5 ቦታ ይይዛል፤ ኮለም ሁለት ስፔስ ይጨምርበትና ቁጥሩ በሁሉም መስመር ከ8ኛው ቦታ ይጀምራል። ብዙዎች ግን ከኮማው ቀጥሎ ስፔስ አስገብተው ', ' ይሉታል። ከ-ኤስ በኋላ የሚመጣው እንደ አንድ ቃል አይነበብም፤ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው መለያ ነው። ጤፉ እንደገና ለሁለት ይከፈላል።

ጥቅስ ውስጥ ያለ ኮማንም አይምርም፦ "1,200" ሁለት ዓምድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፋይል ካለ መጀመሪያውኑ በታብ ተለይቶ ቢወጣ ይሻላል።

«ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል»

በአዲሶቹ ሊኑክሶች -ኤስ ከተሰጠ አዎ። ማክ ላይ ግን ተከታታይ ኮማዎች እንደ አንድ ይቆጠሩና የቀኙ ዓምድ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ እቃ፣ ብዛትና ዋጋ ባለው ፋይል ብዛቱ ባዶ ከሆነ ዋጋው በብዛት ቦታ ይቀመጣል ማለት ነው። አስቀድሞ ጽሑፍ በሚተካው ኮማንድ በሴድ ',,' የሚለውን በ',-,' መተካት ነው። መተካቱ ሁለቴ ይደረግ፤ ሦስት ኮማ ሲደራረብ የመጀመሪያው ዙር አንዱን ክፍተት ያልፈዋል።

«ቁጥር ወደ ቀኝ አይሰለፍም»

ሊኑክስ ላይ ይሰለፋል፦ በካፒታል -አር 2 ሁለተኛው ዓምድ ቀኙን ይይዛል። የማኩ ይህ ኦፕሽን የለውም።

«ፕሪንትኤፍም ያው ነው»

ፕሪንትኤፍ ጽሑፍን በተሰጠው ስፋት የሚያወጣ ኮማንድ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ልክ ነው። ለአማርኛ ግን ባሽ (ኮማንዶችን የሚቀበለው ሼል) ውስጥ ያለው ፕሪንትኤፍ ፊደል ሳይሆን ባይት ይቆጥራል፤ በዩቲኤፍ-8 ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። «%-10ኤስ» (ስፋቱ 10 ይሁን) ሲባል «ምስር» 9 ባይት ሆኖ ይገኛልና አንድ ስፔስ ብቻ ይጨመርለታል። «በርበሬ» 12 ባይት ስለሆነ ምንም አይጨመርለትም፤ 120ው ይለጠፍበታል። ስህተቱ አስቸጋሪ የሚሆነው በላቲን ፊደል ሲሞከር ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ኦክ በሚባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ኮማንድ ዓይነቶች ላይም ልዩነት አለ፦ ጋውክ በዩቲኤፍ-8 ሎኬል (የቋንቋ ቅንብር) ፊደል ይቆጥራል፣ ማውክ ባይት ይቆጥራል።

«ተርሚናሉ ላይ ከተሰለፈ ቴሌግራም ላይም ይሰለፋል»

ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ሳጥን ይሰጣል፤ «ጭ» ብትጣበብም ሳጥኗን አትለቅም። ሌላ ቦታ ሲለጠፍ፣ በሞኖስፔስ ቢደረግ እንኳ፣ ያ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ከሌላ ፎንት ይመጣል፤ የዚያ ፊደላት ስፋት ደግሞ ይለያያል። የሚያዋጣው አማርኛውን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፤ ከኋላው የሚሰለፍ ነገር ከሌለ ስፋቱ አይጎዳም። ሊኑክስ ላይ ካፒታል -ኦ 2,1 ዓምዶቹን ያቀያይራል።

«ሎግ እየተከታተልኩ በኮለም ላሳልፈው»

ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ኮለም ረጅሙን ቃል ሳያውቅ የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ አያወጣም፤ ሎጉን እየተከታተለ የሚያሳየው ቴይል -ኤፍ ደግሞ አያልቅም። እዚህ ላይ ስፋቱን አስቀድሞ ወስኖ በጋውክ ፕሪንትኤፍ ማውጣት ነው።