ፎቶው ላይ የማትታየው እናት፦ ስለ ሕፃናት እርዳታ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በ1919 ኤግላንታይን ጄብ የተባለች እንግሊዛዊት ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ላይ በራሪ ወረቀት ስታድል ተያዘች። ወረቀቱ በረሃብ የቀጨጨ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶ ነበረበት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቢያበቃም ብሪታንያና አጋሮቿ የባሕር እገዳውን ስላላነሱ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ሕፃናት በረሃብ እያለቁ ነበር። ፍርድ ቤቱ 5 ፓውንድ ቀጣት። የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ ግን አምስቱን ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለውን የሕፃናት እርዳታ ድርጅት ከእህቷ ጋር የመሠረተችው በዚያው ዓመት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም የእርዳታ ጥሪ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያው ዓይነት ፎቶ ነው። አንድ ልጅ፣ ብቻውን፣ ካሜራውን እያየ። ፎቶው ሥራውን ይሠራል፤ ኪስ ያስፈታል። ግን እናቱን፣ አያቱን፣ ጎረቤቱን ቆርጦ ያስቀራል። ስለ ሕፃናት እርዳታ ከምንሳሳታቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ የሚነሱ ይመስለኛል።

«ማሳደጊያ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ወላጅ የለውም»

ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉ አምስት ልጆች ቢያንስ የአራቱ አንድ ወይም ሁለቱም ወላጆች በሕይወት አሉ። ታዲያ ልጆቹ እዚያ ምን ያደርጋሉ? ብዙውን ጊዜ መልሱ ድህነት ነው። ማሳደጊያው ምግብ አለው፣ ልብስ አለው፣ ትምህርት ቤት ያስገባል። እጅ ያጠራት እናት «እኔ ጋ ከሚራብ እዚያ ይማርልኝ» ትላለች። ጭካኔ አይደለም። የቸገረው ሰው ስሌት ነው።

ነገር ግን እናትየዋ ያጣችው የወር አስቤዛና የደብተር መግዣ ከሆነ፣ ያንኑ ለእሷ መስጠት ልጁን ወስዶ ከማሳደግ በብዙ ይረክሳል። ማሳደጊያ ሕንጻ ይፈልጋል። ጥበቃ፣ ወጥ ቤት፣ በፈረቃ የሚሠሩ ሞግዚቶች ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው እናት በነፃ የምትሠራውን ለመተካት ነው።

ደግሞም አይተካም። ይህን ያሳየችን ሩማንያ ናት። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት በ1966 ጽንስ ማቋረጥን ከለከለ። በ1989 መጨረሻ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ልጆች በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ ተገኙ። በ2000 ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስ እና ቻርልስ ዚያና የተባሉ ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ 136 ሕፃናትን መዝግበው፣ ግማሾቹን በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ሰጡ። ቤተሰብ ያገኙት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በአእምሮ ዕድገትም ሰው በመቅረብም ማሳደጊያ ከቀሩት በልጠው ተገኙ። የቀሩትም ቢሆኑ ምግብና መኝታ ነበራቸው። ያጡት ሲያለቅሱ ሁልጊዜ የሚመጣላቸውን ያንኑ አንድ ሰው ነው።

የባሰም አለ። ካምቦዲያ ውስጥ ከ2005 እስከ 2010 ድረስ የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ ጨመረ። ጦርነት አልነበረም፤ የጨመረው ቱሪስት ነው። ለአንድ ሳምንት በጎ ፈቃደኛ ልሁን የሚል እንግዳ ከነዶላሩ ሲመጣ፣ ልጅ የሚያሰባስብለት ነጋዴ ተገኘ። ከየገጠሩ «እናስተምርላችኋለን» እየተባሉ የመጡ ልጆች ማታ ማታ ለጎብኚ ይጨፍሩ ነበር። አውስትራሊያ በ2018 ልጆችን ለዚህ ሲባል ማሳደጊያ ማስገባት የዘመናዊ ባርነት አንዱ መልክ መሆኑን ተቀብላለች።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2010 አሜሪካውያን ብቻ ከ2,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ወስደዋል። ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ ቤተሰባቸውን ፈልገው ሲመጡ ሞታለች የተባለችውን እናት በሕይወት አገኟት። ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን በጥር 2018 አገደ። ለዕረፍት አገር ቤት መጥቶ ማሳደጊያ ጎብኝቶ፣ ልጆቹን አቅፎ ፎቶ መለጠፍ ለሚያምረን ሁሉ፦ በደግ ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጁ በዚያ ሳምንት ስንት ሰው እያቀፈው እንደሄደ እናስብ።

«የምልከው ገንዘብ ፎቶው ላይ ያለው ልጅ እጅ ይገባል»

ስፖንሰርነት፣ ማለትም አንድን ልጅ በስምና በፎቶ ለይቶ በየወሩ ገንዘብ መላክ፣ የቆየ ሐሳብ ነው። የዛሬው ፕላን ኢንተርናሽናል በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጀመረው። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ወርልድ ቪዥንና ኮምፓሽን የተባሉ የእርዳታ ድርጅቶች አስፋፉት። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ኮሪያ ውስጥ እርዳታ ሰጪዎቹ እኛም ነበርን። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከደመወዛቸው አዋጥተው ዶንግዱቾን ከተማ ውስጥ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ዛሬ ኮሪያ ለእኛ ሆስፒታል ትሠራለች።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በብዙዎቹ ድርጅቶች የወር መዋጮው አንድ ላይ ተደርጎ ለሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው ይውላል። ጥሩ ድርጅት ይህን በግልጽ ይናገራል። ጥቂቶቹ ብቻ ገንዘቡን በስም ለታወቀው ልጅ ትምህርትና ሕክምና ያውላሉ።

ታዲያ ማታለል ነው? እንደዚያ አልልም። ለአንድ ልጅ ብቻ አዲስ ጫማና ቦርሳ ሰጥቶ ወንድሙን በባዶ እግሩ ማስቀረት ቤት ውስጥ ቅሬታ ያመጣል። ደግሞ ስፖንሰርነት የሚሠራ መሆኑ ተለክቷል። ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ዋይዲክ እና ባልደረቦቹ በኮምፓሽን የተደገፉ ልጆችን በስድስት አገሮች ተከታትለው፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አወዳድረው፣ ውጤቱን በ2013 አሳተሙ። የተደገፉት ከሌሎቹ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የበለጠ ተምረዋል። ዋይዲክ አንዱ ምክንያት ተስፋ ነው ይላል። አንድ ሰው ከሩቅ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ልጁን ይለውጠዋል። ስለዚህ ስፖንሰር ከሆናችሁ ደብዳቤውን አትዝለሉት።

«ገንዘብ ከሰጠኸው አባትየው ይጠጣበታል፤ ዕቃ ይሻላል»

ይህን ያልሰማ የለም። ቤተሰብ ውስጥም ይባላል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ለድሆች በቀጥታ ጥሬ ገንዘብ የሰጡ ፕሮግራሞችን የመረመሩ 19 ጥናቶችን ሰብስበው አዩ። ገንዘቡ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣውን ጨምሯል የሚል መረጃ አላገኙም። ጠጪ አባት የለም ማለት አይደለም። ግን በአንድ ጠጪ ምክንያት በመንደሩ እናቶች ሁሉ ላይ መፍረድ ልክ አይደለም።

በ2025 ከኬንያ የወጣው ጥናት ደግሞ እኔንም አስገርሞኛል። ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ሲያያ በተባለው አካባቢ ለድሃ ቤተሰቦች ወደ 1,000 ዶላር በሞባይል ላከ፤ ምንም ቅድመ ሁኔታ የለውም። ገንዘቡን ባገኙ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ማንም «ሕፃን አድኑበት» አላለም። የሆነው እንዲህ ነው፦ ነፍሰ ጡሮቹ በመጨረሻዎቹ ወራት ከከባድ የእርሻ ሥራ አረፉ፤ ብዙዎቹም ሆስፒታል ሄደው ወለዱ።

ዕቃውስ? በታኅሣሥ 2004 ሱናሚው የኢንዶኔዥያዋን አቼን ሲመታ ከዓለም ዙሪያ ወደ 4,000 ቶን የሚጠጋ መድኃኒት ጎረፈ። አብዛኛው የአገሬው ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትም አልጠፋም። ማቃጠሉ ራሱ ሌላ ወጪ ሆነ። ልባሽ ጨርቅ በኮንቴነር ለመላክ የምናወጣውን የመርከብ ክፍያ ስናስበው ይኸው ነው። የዚያን ብር ልብስ መርካቶም ይገኛል።

መጽሐፍ እንኳ አንዳንዴ አይሠራም። በኬንያ ገጠር ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ በነፃ ታድሎ ነበር። የብዙኃኑ ተማሪ ውጤት አልተነቃነቀም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነው።

«በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሆስፒታል መተኛት አለበት»

ድሮ እውነት ነበር። ልጁ ማገገሚያ ጣቢያ ገብቶ ልዩ ወተት ይሰጠዋል፤ እናቱም ለሳምንታት አብራው ትቀመጣለች። ቤት የቀሩትን ሌሎች ልጆች ማን ያብላ? ማሳውንስ ማን ይረም? ብዙ እናቶች በዚህ ምክንያት አይመጡም፤ የመጡትም ሳይጨርሱ ይመለሱ ነበር። ወተቱ ደግሞ ንጹሕ ውኃ ስለሚፈልግ ለቤት አይሰጥም።

በ1996 አንድሬ ብሪየን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከኑትሪሴት ኩባንያ ጋር ሆኖ ፕላምፒ ነትን ሠራ። የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድናት። አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ ትይዛለች። ውኃ አይጨመርባትም፣ አትበሰልም፣ ልጁ ከፓኬቷ እየጨመቀ ይበላታል። ሐኪሙ ስቲቭ ኮሊንስ እና ባልደረቦቹ በ2000 እዚሁ ሐዲያ ውስጥ ልጆችን ቤታቸው እያሉ ማከም እንደሚቻል ሞከሩ። ተቻለ። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም አሠራሩን ደገፉ። ኢትዮጵያ ውስጥም ሕሊና የተባለው ፋብሪካ በዚያው ዓመት ማምረት ጀመረ።

ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ በባለ ቀለም ሜትር ትለካለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ልጁ በጣም ተጎድቷል ማለት ነው። ሌላ ሕመም ከሌለበትና የምግብ ፍላጎት ካለው እናቱ የሳምንት ፓኬቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሚተኙት ሕመም የተደረበባቸው ናቸው።

«ጥሩ ድርጅት ማለት ለአስተዳደር የማያወጣ ነው»

ብራክ የተባለውን የባንግላዴሽ የእርዳታ ድርጅት እንይ። ከ1980 ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ የብራክ ሴት ሠራተኞች ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አንኳኩ። ሥራቸው ለእናቶች አንድ ነገር ማስተማር ነበር፦ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በሦስት ጣት ቆንጥሮ ጨው፣ አንድ ጭብጥ የሸንኮራ አገዳ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ። ቆየት ብሎ ሌላ ተቆጣጣሪ ይመጣና እናትየዋን ይጠይቃል፤ ሠርተሽ አሳይኝ ይላል። የአስተማሪዋ ክፍያ እናትየዋ ባስታወሰችው መጠን ይወሰናል። ፕሮግራሙን ውጤታማ ያደረገው ይህ ቁጥጥር ነው። አሁን ጥያቄው፦ የተቆጣጣሪው ደመወዝና የአውቶቡስ ሒሳቡ «እርዳታ» ነው ወይስ «አስተዳደር»?

እኛ ይህን ጥያቄ በሕግ ተፈትነንበታል። አዋጅ ቁጥር 621/2009 ድርጅቶች ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ደነገገ። ወሬው ላይ ጥሩ ነው። መመሪያው ግን ሥልጠናን፣ ክትትልንና ትራንስፖርትን ጭምር አስተዳደር ውስጥ ጨመራቸው። ገጠር ድረስ ወርዶ የሚሠራ ድርጅት በነዳጁ ተቀጣ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርግም ምኑ አስተዳደር እንደሆነ በተሻለ ለየ። ሌባ ድርጅት የለም እያልኩ አይደለም። በመቶኛ ብቻ ግን አይያዝም፤ የሚሰርቅ ሰው ወረቀት ማሳመር አያቅተውም።

«እርዳታ የፈረንጅ ሥራ ነው»

ከላይ ያየነው ብራክ የተመሠረተውና ያደገው ባንግላዴሽ ውስጥ ነው። ፓኪስታን ውስጥ አብዱል ሳታር ኢዲ ከመንግሥት ገንዘብ አልቀበልም ብሎ፣ በተራ ሰው መዋጮ ታላቅ የአምቡላንስ አገልግሎት አቋቋመ። በየማዕከሉ ደጅ አልጋ አስቀምጦ የሚጣሉ ሕፃናትን ታደገ። የእኛዋ ክብርት ዶ/ር አበበች ጎበና በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በረሃብ ከተመታው ወሎ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ባለቤታቸው አልፈቀደም፤ ቤታቸውን ጥለው ልጆቹን መረጡ፤ ኋላም ማሳደጊያ ከፈቱ። እናቲቱ በእውነት ሞታ፣ ልጅ ሬሳዋ አጠገብ ሲገኝ፣ ማሳደጊያ ሕይወት ነው። ቅድም ያልኩትን ይህ አያፈርሰውም።

«ዩኒሴፍ የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ በጀት ሞልቶታል»

የለውም። በ1946 ሲቋቋም ጀምሮ የሚኖረው መንግሥታትና ግለሰቦች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተረድቶ ምን ተለወጠ?»

በ1990 በዓለም ላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ልጆች ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ሚሊዮን በታች ሆኑ። በኢትዮጵያ በ1990 ከ1,000 ልጆች 200 ገደማ ይሞቱ ነበር፤ አሁን ወደ 50 አካባቢ ወርዷል። ይህ ሁሉ የእርዳታ ድርጅቶች ሥራ አይደለም። ክትባቱን በየቀበሌው ያደረሰው በአብዛኛው መንግሥት ነው፤ ልጁን አዝላ ሁለት ሰዓት የሄደችው እናቱ ናት። ድርጅቶቹ ገንዘቡን፣ መድኃኒቱንና አዲሱን ዘዴ አመጡ።

የድርጅቶቹ ገንዘብ ራሱ ከግለሰብ ኪስ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ትልልቆቹ ከመንግሥታት ብዙ ይቀበላሉ። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ድርጅቱን ዩኤስኤአይዲን ሲዘጋ፣ ሮድ አይላንድና ጆርጂያ በተባሉት የአሜሪካ ግዛቶች ያሉት የፕላምፒ ነት ዓይነት ምግብ አምራቾች ትእዛዛቸው ተቋርጦ ካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ተከመረ። አሜሪካ ያላችሁና ድምፅ የምትሰጡ ወገኖች፣ ለምክር ቤት ተወካያችሁ የምትጽፉት ኢሜይል በየወሩ ከምትልኩት ሃያ ዶላር ያነሰ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል።